ክብሪቱ እኔ ጋ ነበር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ፈርሚ ሲሉኝ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ስጽፍ ግን ማንም አያየኝም። ስለዚህ ልሞክረው።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ቆሜ ሳለ መብራት ጠፋ። ባለሱቁ ሻማ ሊያበራ ክብሪት ጫረ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ሳላስበው ወለሉን አየሁ። የወደቀ ሰው እየፈለግሁ ነበር።

"ምን ወደቀብሽ?" አለኝ ሰውየው።

"ምንም" ብዬ የገዛሁትን ሳልይዝ ወጣሁ።

ልጅ ሆኜ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሥራዬ ክብሪት መያዝ ነበር። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ጊዜ ነው። አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ እዚያ ግን ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃ አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ የበር እጀታ እንኳ እጅ ያቃጥላል። እናቴ ጥሩወርቅ ጋቦዴ ሰፈር ማዳም ሳፊያ የምትባል ሶማሌ ሴት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከግቢው ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ ጎን፣ አንዲት ክፍል ሰጥተዋት ሁለታችን እዚያ እናድራለን። የማዳም ባል መርከብ ላይ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ የለም። ሌላ ሰው ቢኖር በር ላይ የሚቀመጡት የአፋር ሽማግሌ፣ ዘበኛው አባ ሁመድ ናቸው።

እናቴ የሚጥል በሽታ ነበረባት። በዚያ ግቢ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"ካወቁ ያኑ ዕለት ውጡ ይሉናል" ትለኝ ነበር። "እሳት ባለበት ቤት የምትወድቅ ሴት ማን ያስቀምጣል?"

ስለዚህ ክብሪቱ እኔ ጋ ነበር። በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ጢሱን ያሸቱታል። እናቴ ከእናቷ አየች፣ እኔን አስተማረችኝ። በሩን ዝጊ። ጫሪ። ነበልባሉን እፍ ብለሽ ጢሱን አፍንጫዬ ሥር ያዢ። እስክነቃ ደጋግሚ። አትጩኺ። ይህቺን የመጨረሻዋን ስትናገር ክንዴን ጨበጥ ታደርገኝ ነበር።

ሊመጣባት ሲል ታውቀው ነበር። ከሆዷ አንድ ነገር ይነሣባታል። "ዓለሜ" ትለኛለች ቀስ ብላ። የያዝኩትን ጥዬ እከተላታለሁ። ክፍላችን ገብታ ምንጣፉ ላይ ትጋደማለች፤ ከዚያ እናቴ ትሄዳለች። ዓይኗ እንደተገለጠ ነው፣ እሷ ግን የለችም። አንዴ እንደ እንጨት ትደርቃለች፣ ቀጥሎ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል፣ ከአፏ አረፋ ይወጣል። ስትመለስ ልብሷ ርሷል፣ ላቧ ጨው ጨው ይላል፣ የት እንዳለችም አታውቅም።

እኔ የት እንደሄደች የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ዳር ላይ የሚቀረው አረፋ ልክ እንደሷ አፍ አረፋ ነው። ልብሷ እርጥብ፣ ቆዳዋ ጨው። እናቴን ባሕር ይወስዳታል፣ የክብሪት ሽታ ሲደርሳት መንገዱን ታገኘዋለች ብዬ ደመደምኩ። ክብሪቱ ከጠፋ ወይም እኔ ከዘገየሁ አትመለስም። ሽንት ቤት ስሄድም ይዤው እሄድ ነበር። ውስጡ ያሉት እንጨቶች እንዳያልቁ ሳጥኑን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንቀጠቅጠዋለሁ።

ሌላም ፍርሃት ነበረብኝ። ሰዎች አረፋው የነካው ይይዘዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ በእጄ ነበር የምጠርግላት። ተራዬ እስኪደርስ እየጠበቅሁ ነበር።

ሒቦ የመጣችው በሐምሌ ነው። የማዳም ልጅ ናት፤ ፈረንሳይ አገር ሕክምና ስትማር ቆይታ የመጨረሻ ጥናቷን ልትሠራ ተመለሰች። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ እናቴ ውኃ ስትቀዳ፣ እኔ ዳቦ ይዤ በሩ ጋ ቆሜ፣ ማዳም ጠየቀቻት።

"እሺ፣ ምኑን ነው የምታጠኚው?"

"ኤፒሌፕሲ። የሚጥለውን በሽታ።"

ማዳም ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ቢስሚላህ! ምሳ ላይ! ስንት በሽታ ሞልቶ? የዓይን ሐኪም ብትሆኚ አክስቶችሽ ብቻ ያኖሩሽ ነበር።"

"ሆዮ፣ የአክስቶቼን ዓይን ተዪው" አለች ሒቦ እየሳቀች። ሆዮ በሶማልኛ እማዬ ማለት ነው። "በዚህ ከተማ በሽታው ያለበት ስንት ሰው ነው? ምን አመጣበት? መድኃኒት እያለ ለምን አይውጥም? ቤት ለቤት እየሄድኩ እጠይቃለሁ።"

"ማን ይነግርሻል? እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት በሩን ይዘጋል።"

"እኮ! እኔም ለምን እንደሚዘጉ ነው የማጠናው።"

ብርጭቆው ሞልቶ ውኃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። "ቲሩ!" አለች ማዳም፤ ጥሩወርቅ ማለት ስለማይሆንላት ነው። እናቴ ይቅርታ እያለች በጨርቅ ስትጠርግ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁና የመጣባት መስሎኝ ዳቦውን ጥዬ ኪሴን ያዝኩ። አልመጣባትም። ፈርታ ነው።

ክፍላችን ስንገባ "የሒቦን ዓይን አትዪ" አለችኝ። እሷ ልጅ ስለሆንኩ ከአፌ እንዳያመልጠኝ ብላ ነው። እኔ ግን ሐኪም ዓይን አይቶ ውስጥ ያለውን የሚያነብ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን ሒቦን ከጉልበቷ በላይ አላየኋትም። እስከ ዛሬ የማስታውሰው እግሯን ነው፤ ጥፍሮቿ ቀይ ቀለም ተቀብተው የአንዱ ጣት ቀለም ተልጦ ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ላደርስላት ክፍሏ ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ትልቅ የአንጎል ሥዕል ተዘርግቷል። የበግ ጭንቅላት ሲፈለጥ እንደሚታየው የተጣጠፈ ነው፣ በአንድ ጎኑ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። የእናቴን ጭንቅላት አገኘችው ብዬ ሻዩን ግማሹን ሳህኑ ላይ ደፋሁት።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ሆነ። እናቴ ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ነበሯት፤ አክስቴ ከድሬዳዋ በሰው ትልክላታለች። የራስ ምታት ነው ብላኝ ነበር። በርበሬ የነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ትደብቃቸዋለች። ጾሙ ሲገባ ቆርቆሮውን ከድና ከአልጋው ሥር ገፋችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ስለማይቀመስ ጠዋት መዋጥ ጾም መግደፍ ነው። ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በጠርሙስ ያመጣችውን ጸበል ትጠጣለች፤ ጸበል ላይ መድኃኒት አይደረብም ይባላል። ስለዚህ ክኒኑ ቀረ።

ያን ሰሞን መውደቁ በረታባት። እኔ ሁለቱን አላገናኘሁም። ባሕሩ በጾም የሚከፋ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ሒቦ አስተርጓሚ የፈለገችው። በባልባላ በኩል ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ውስጥ ወደ የመን ለመሻገር የሚጠብቁ ሐበሾች አሉ። በጥናቷ ልታስገባቸው ፈለገች፣ አማርኛ ግን አታውቅም።

"ይቺ ልጅ አለች አይደል?" አለች ማዳም። "አማርኛ ቤቷ፣ ሶማልኛ ግቢያችን፣ ፈረንሳይኛም ትምህርት ቤት። እዚህ ምን ትሠራለች? የኪሷን ዕቃ ከማንኳኳት በቀር።"

"ልጄ ዓይነ አፋር ናት ማዳም" አለች እናቴ። "ሰው ፊት አትናገርም።"

"እንግዲያው ትልመድ።"

ጠዋት መኪናው ሊነሣ ሲል ማድ ቤት ሮጬ ገባሁና ክብሪቱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የወደቀ ሰው ለራሱ ክብሪት እንደማይጭር አውቃለሁ። ቢሆንም አጠገቧ ይሁን ብዬ ነው።

ዋራበሌ ቤቶቹ ቆርቆሮ ናቸው፤ ውስጣቸው መቀመጥ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። የገባንበት ቤት ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ መንገደኛ እያሳደሩ ይኖራሉ። ጥግ ላይ በላይ የሚባል ቀጭን ወጣት ተቀምጧል። የቀኝ እጁ ጣቶች በቃጠሎ እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

ሒቦ በሶማልኛ ጠየቀችኝ፣ እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም።

"ዶክተሯ አስተርጓሚ ነው ያመጣችው ወይስ ዓሣ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ደግ ነው" አለ በላይ። "እኔ ባሕር መሻገሩ ቢቀርብኝ ዓሣው ራሱ መጣልኝ።"

ሳቁ። እኔም ሳልፈልግ ፈገግ አልኩና ድምፄ መጣ። መቼ እንደጀመረው ጠየቅሁት። ልጅ ሳለ ከባድ ትኩሳት ይዞት አንገቱ ደርቆ ብዙ ቀን ራሱን ስቶ ነበር፤ ከዚያ ከዳነ በኋላ መውደቅ ጀመረ። እጁንስ? ቡና ቤት በእንጨት ሲያበስል እሳቱ ላይ ወደቀ።

"ሰው አልነበረም?" በይው አለችኝ ሒቦ።

"ሞልቶ። ዙሪያዬን ቆመው አዩኝ። አረፋው ይጋባል ብለው ነው። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን እቆም ነበር።" ከዚያ እንደ ቀልድ ጨመረ፤ "ጓደኞቼም ባለፈው ሳምንት ያለእኔ ሄዱ። ጀልባ ላይ ከወደቅህ ሁላችንን ይዘህ ነው የምትገባው አሉኝ።"

ሒቦ መለሰችለት፣ እኔም እየተንተባተብኩ አስተረጎምኩ። ያ ትኩሳት አንጎልህ ላይ ጠባሳ ትቷል። አንጎል የሚሠራው በትንንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጠባሳው አጠገብ አንዳንዴ ይዛባና ሁሉም ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላል፣ ያኔ ትወድቃለህ። አንዳንዱን ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ አንዳንዱን ሲወለድ ታፍኖ ይጀምረዋል። የብዙው ምክንያት ጭራሽ አይታወቅም። ጋኔን አይደለም። አይጋባም።

"አይጋባም?" አለ በላይ። የጀመረውን ሻይ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። "የማይጋባ ከሆነ ትጠጣልኝ።"

አስተረጎምኩ። ሒቦ ብርጭቆውን አንሥታ ከጠጣበት በኩል ጠጣች፣ እስከ መጨረሻው። እትዬ አስካለ አማተቡ። በላይ ሳቁ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ።

ቀጥሎ እትዬ አስካለ ጠየቁ፤ "ሲወድቅ ክብሪት አሸተዋለሁ። ጎኑ ስለሆንኩ ቶሎ ይነቃልኛል። ይህንንስ ምን ትላለች?"

ሒቦ ራሷን ነቀነቀች። ክብሪቱ ምንም አይሠራም። የሚነቃው ጊዜው ሲደርስ በራሱ ነው። ጢሱ ትንፋሹን ይከለክለዋል፣ እሳቱ ያቃጥለዋል እንጂ አይጠቅመውም። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እየቆየ ካልተወው ወይም እየደጋገመ ከጣለው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ክኒኑን ደግሞ አንድ ቀን ሳያስታጉል ይዋጥ።

"ክኒኑስ አለኝ" አለ በላይ። "ጸበል ስጀምር ተውኩት።"

ሒቦ የቀረውን እስክናገር እየጠበቀች ታየኛለች። ሌላውን ሁሉ አስተርጉሜ የክብሪቱን ነገር ብቻ ማስተርጎም አቃተኝ። አቀረቀርኩ። ሒቦ ሙቀቱ ያደከመኝ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ፤ እትዬ አስካለ ጥቂት ሶማልኛ ስለሚሰሙ የክብሪቱን እሷው ደግማ ነገረቻቸው።

ፍርሃቴ የቀለለ ይመስላችኋል። አልቀለለም፣ ባሰ። እስከዚያ ቀን እናቴን የምመልሳት እኔ ነበርኩ። ክብሪቱ ምንም ካልሠራ የሚመልሳት ማን ነው? በራሷ ከሆነ የምትመለሰው፣ አንድ ቀን ባትመለስስ?

በመኪናው ስንመለስ ሌላ ፍርሃት ተደረበ። ሒቦ የበላይን ሻይ ጠጥታለች። አሁን እየነዳች ትወድቃለች ብዬ መሪውን የያዘ እጇን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቤት ልንደርስ ስንል ድምፄን አገኘሁ።

"ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል?"

ዞር ብላ አየችኝ። "ማን ጠየቀ?"

"እትዬ አስካለ።"

ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። "በምራቅ አይሄድም። በዘር የሚመጣ አይነት አለ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ልጅየው አይይዘውም በያቸው።"

"ይህን ሁሉ ስትጠይቂ ውለሽ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እጽፈዋለሁ።"

"ስትጽፊው በላይ ይድናል?"

"ክኒኑን ከዋጠ ሊተወው ይችላል" አለች። "እኔ የምጽፈው የማይውጥበትን ምክንያት ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሐኪም ክኒን ቢሰጥ ምን ይጠቅማል?"

ያን ዕለት ለእናቴ ነገርኳት። ክኒኑ የራስ ምታት እንዳልሆነ ገብቶኛል፣ በጾምም ይዋጣል አልኳት፤ የኋለኛውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እናቴ የማዳምን ልብስ ትተኩስ ነበር።

"ማን አለ? ሒቦ? እሷ እስላም ናት፣ የኛን ጾም በምን ታውቃለች?" ካውያውን አቆመች። "ነገርሻት እንዴ? ዓለሜ! ዓይኔን እዪና ንገሪኝ፣ ነገርሻት?"

"አልነገርኳትም።"

"እንግዲያው ዝም በይ። የያዝኩትን ልፈጽም።"

ሌላ ቀን ደግሞ ወጣን። ክብሪቱን እንደ ወትሮዬ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትቼላታለሁ፤ ምንም እንደማይሠራ ብሰማም መተው አልቻልኩም። የምንፈልጋቸው ሰዎች ስላልነበሩ ቶሎ ተመለስን። ጫት የገባበት ሰዓት ነው፤ ከተማው በመኪና ጥሩንባ ይጮኻል፣ አባ ሁመድም በር ላይ የሉም፣ ጫታቸውን ሊገዙ ሄደዋል። ማዳም አየር የሚያቀዘቅዘውን ማሽን ከፍታ ተኝታለች። ሒቦ መኪናውን ጥላ ሥር ልታቆም ቀረች። እኔ ሮጬ ገባሁ።

የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የበሰበሰ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ ሸተተኝ። ሩዙ ገንፍሎ ድስቱ ተገልብጦ ውኃው ወለሉን ሞልቶታል። እናቴ ውኃው ውስጥ በጀርባዋ ተንጋላ ትንቀጠቀጣለች። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከአፏ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

አልጮኽኩም። በሩን ዘጋሁ፣ እንደተማርኩት። ከኪሷ ክብሪቱን አወጣሁ። ሳጥኑ በስብሷል። አንዱን ጫርኩ፣ ራሱ እንደ ጭቃ ተላጠ። ሌላ ጫርኩ። ሌላ። የሚጫርበት ወረቀት ራሱ ተገንጥሎ ጣቴ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በቃል ልለው አልችልም። እናቴ ባሕር ላይ ናት፣ እኔ የምጠራበት የለኝም።

ከዚያ ዋራበሌ በራሴ አፍ ያስተረጎምኩት ቃል ትዝ አለኝ። በጎኑ አስተኙት። ትከሻዬን ከትከሻዋ ሥር አስገብቼ ገፋኋት፤ ተንሸራተትኩ፣ ደግሜ ገፋሁ። ዞረች። በአፏ የያዘችው ሁሉ ወለሉ ላይ ወጣና ትንፋሿ ጉሩሩ አለ። ቀሚሴን አውልቄ ከራሷ ሥር አደረግሁት።

በሩ ተበረገደ። ሒቦ ናት። እኛን አልነካችንም፤ በላያችን ተራምዳ ወደ ምድጃው ሄደችና አንድ ነገር ጠመዘዘች፣ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ቆመ። መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ እናቴን በብብቷ ይዛ ወደ ግቢው ጎተተቻት፣ እኔም እግሯን ይዤ ተከተልኩ። የገነፈለው ውኃ እሳቱን አጥፍቶት ጋዙ እየወጣ እንደነበር አላወቅሁም።

ሒቦ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘርግታ የተሰባበሩትን እንጨቶች አየች።

"ጭረሽ ነበር?"

"እምቢ አለኝ" ብዬ አለቀስኩ። "ርሶ እምቢ አለኝ።"

ሒቦ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጎትታ አቀፈችኝ፣ ልቧ ጆሮዬ ላይ ይመታል። እናቴ ልትሞት ስለሆነ የምታጽናናኝ መሰለኝ። እዚያው እያየኋት እናቴ ተመለሰች። ክብሪት አልነበረም። ማንም አልጠራትም። ዓይኗን አንከራተተችና "ሩዙ" አለች።

ማዳም በልቅሶዬ ነቅታ ወጣች። "አንድ ዓመት ሙሉ! በቤቴ! ብትሞትብኝ ለአላህ ምን እላለሁ?" እናቴ በማግስቱ ራሷ ልብሳችንን ማጠፍ ጀመረች። ሒቦ በሩ ላይ ቆመች።

"ሆዮ፣ እኔ ይህን በሽታ ፍለጋ ዋራበሌ ድረስ እሄዳለሁ። ምሳዬን የምታቀርብልኝ ሴት ደብቃብኛለች። ለምን እንደምትደብቅ አየሽ? እዪው፣ ሻንጣዋ ያው።"

ማዳም ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ወደ እናቴ ሳታይ ጠየቀቻት።

"ክኒን የለሽም?"

እናቴ የበርበሬውን ቆርቆሮ አውጥታ አሳየቻት።

"ኖሮሽ ነው የማትውጪው?"

"ጾም ነው ማዳም።"

"ጾም! በረመዳን የታመመ ሰው እንዳይጾም ተፈቅዶለታል። ያንቺ አምላክ ከእኔው ይልቅ ጨካኝ ነው?"

እናቴ ቆርቆሮውን አገላበጠች። "አይደለም" አለች። "የንስሐ አባቴን ልጠይቅ።"

"ጠይቂ። እስከዚያ ምድጃ እንዳትነኪ። ያንን ልብስም ከዚያ አንሺው፣ አቧራ ይጠጣል።"

የንስሐ አባቷ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነው የመለሱላት። "መድኃኒቱንስ ማን ፈጠረው ልጄ? ጸበልሽንም ጠጪ፣ ክኒንሽንም ዋጪ።" እናቴ ያን ዕለት ስትውጥ እኔ ጉሮሮዋን አየሁ፣ ወረደ።

ሒቦ ከመሄዷ በፊት የእናቴን ራስ የሚያይ መሣሪያ ወዳለበት ወሰደቻት። ቀጫጭን ሽቦ በጭንቅላቷ ሙሉ ለጥፈው አስተኟት፣ ከማሽኑም ረጅም ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ሞገድ ነው። የእናቴ ባሕር ይኸው ተገኘ አልኩ በልቤ፤ አሁን የት እንደምትሄድ ይነግሩናል። ሒቦ ግን ለረጅም ጊዜ አይታ አጠፈችው። "ዛሬ የተለየ ነገር አላሳየም፤ አንዳንዴ እንዲህ ነው። ምን እንዳመጣብሽ አላውቅም ቲሩ። የማውቀው ክኒኑን ነው።" አላውቅም የሚል ሐኪም ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ከማንም ይልቅ አመንኳት።

ማዳም አዲስ ሥርዓት አወጣች። እናቴ ስታበስል አባ ሁመድ ወንበራቸውን ማድ ቤቱ በር ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። "በጉብዝናዬ ግመል ጠብቄአለሁ" ይላሉ ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደያዙ፣ "በእርጅናዬ በር ጠብቄአለሁ። ድስት ስጠብቅ ግን አላህ ይየኝ።"

መስከረም ገባና ትምህርት ተከፈተ። ያ ጠዋት እግሬ አልነሣ አለኝ። ነሐሴ ካለቀ ወዲህ እናቴ አልወደቀችም ነበር፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው፣ ባሕሩ እኔ እስክሄድ የሚጠብቅ መሰለኝ። ከማዳም መሳቢያ አዲስ ክብሪት ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሮቼ ሥር ደብቄአለሁ። ምን ልሠራበት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው።

እናቴ ምሳዬን ልትከት ቦርሳውን ስትከፍት አገኘችው። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጣችም። ክብሪቱን ይዛ ወደ ምድጃው ሄደች። ጋዙ ይሸት እንደሆነ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ከዚያ ጫረች።

የክብሪቱ ሽታ መጣ። ዓይኔ ወደ ወለሉ ሄደ። ወለሉ ደረቅ ነው፣ የእናቴ እግር ቆሟል። ቀስ ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ሰማያዊው እሳት ዙሪያውን ይዟል፤ እናቴ እንጨቱን እፍ ብላ ጢሱን በእጇ ገፋችው።

"አየሽ? ለምድጃ ነው" አለችኝ። "በይ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።"